ማንም ሳይሞት የተቀመጥንበት ቀን

ይህ ነገር የሆነው ንጉሡ ከዙፋናቸው ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ገና ያላገባሁ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁ። በመሃል ብዙ ነገር ረስቻለሁ። በሠርጌ ቀን ምን እንደበላን ብትጠይቁኝ እንኳ አላውቅም። ያን ቀን ግን ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ፣ ጥላው የት ጋ እንደደረሰ፣ ሁሉም ዐይኔ ላይ አለ። ከአእምሮዬ ያልጠፋበት ምክንያት አንድ ሰው ነው። አቶ ተክሌ ይባላል።

በዕድሜው አንቱ መባል የሚገባው ሰው ነበር። ፊቱ ስንቆምም አንቱ እያልን፣ ጋሼ እያልን ነው የኖርነው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን አልሰጠውም። የሚያስገድደኝ የለም።

አቶ ተክሌ ኮልፌ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ፍራሽ የሚያሰፋበት ቤት ነበረው። ትልቅ ፋብሪካ እንዳይመስላችሁ። በቆርቆሮ የተከደነ አንድ ረጅም ቤት፣ ከጎኑ የጥጥ መጋዘን፣ ከፊቱ ሰፋ ያለ ግቢ፣ ከግቢው ማዶ ደግሞ እሱና ሚስቱ የሚኖሩበት ቤት ነው። አባቴ ከከምባታ መጥቶ እዚያው ኮልፌ በቆዳ ንግድ የኖረ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት እኔ ትምህርቴን ትቼ ሥራ ፈለግሁ፤ ያገኘሁትም ይህን ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጥጡን እናፍታታለን፣ ባለመስመሩ ጨርቅ ውስጥ እንሞላለን፣ ከዚያ በረጅም መርፌ ከላይ እስከ ታች እየወጋን በሲባጎ እናጠብቀዋለን። ብናኙ ግን አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፣ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ማታ ቤቴ ገብቼ ስስል እናቴ ጀርባዬን እየመታች፣ ይህቺ ልጅ አንድ ቀን ትራስ የሚሞላ ጥጥ ትተፋለች ትል ነበር።

አቶ ተክሌ በወጣትነቱ የአንድ ጣሊያን የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ካቦ ነበር ይባላል። ከዚያ ሥራ ይዞ የመጣው አንድ ቃል ነው፤ “ፕሬስቶ”። ቶሎ በሉ ማለት ነው። ጠዋት ስንገባ ፕሬስቶ። ውኃ ስንጠጣ ፕሬስቶ። ስናስልም ፕሬስቶ። የተቀረውን ጣሊያንኛ የት እንዳደረሰው እንጃ።

ትልቁ ኩራቱ አለመቀመጥ ነበር። እኔ ተቀምጬ በልቼ አላውቅም ይል ነበር፤ ለደንበኛውም፣ ለጎረቤቱም፣ ለኛም። እውነትም ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ጫማውን ያስራል፣ ሰው ቤት ሐዘን ሲደርስ እንኳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነፍስ ይማር ብሎ ይመለሳል። ይህን ሁሉ እንደ ጀግንነት ነው የሚቆጥረው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቆሞ የሚሠራው ነገር ነበር። ጥጥ አያፍታታም። መርፌ አይዝም። ጨርቅ አይቆርጥም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እኛ ስንሠራ ያያል። ሰው ሲሠራ ማየትን ሥራ ብሎ የሚኮራበት ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ከሠራተኞቹ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሽ ሸምሱ ነበሩ። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው የመጡ፣ ዝምተኛ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ከእኔ ጎን የምትሰፋው ደግሞ ዘሃራ ናት። ዘሃራ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን ብንሆንም ቤታችን ግድግዳ የሚለየው ጎረቤት ነው፤ የእሷ ጓዳ ውስጥ ምን እንዳለ ከእሷ እኩል አውቅ ነበር። ሌሎቹን ሁሉ በስም ብጠራ ታሪኬ ይረዝማል፤ ከአሥር አንበልጥም ነበር ብል ይበቃል።

ቀትር ሲሆን ለጥቂት ጊዜ ሥራ እናቆማለን። ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር፣ ጥላ ያለበት ቦታ፣ አንድ ትልቅ የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሞ ነበር። የሚበላ ያለው ይበላል። ጋሽ ሸምሱና ሌሎቹ ሙስሊሞች ይሰግዳሉ። ከዚያ ሁላችንም ግንዱ ላይና ሥሩ ተደርድረን ዝም ብለን እንቀመጣለን።

ዝም ብለን ስል እውነቴን ነው። አንድም ሰው አያወራም ነበር። ቀድሞ እንዲህ አልነበርንም፤ ወሬያችን ከመንገድ ይሰማ ነበር። በኋላ የዘሃራ ሴት ልጅ በኩፍኝ ሞተች። ዘሃራ ሐዘኗን ጨርሳ ወደ ሥራ የተመለሰች ዕለት ቀትር ላይ መጥታ ከመሃላችን ተቀመጠች። ማንም የሚላት ነገር ጠፋው። ስለ ሌላ ነገር ማውራትም ነውር መሰለን። ጋሽ ሸምሱ ሰግደው መጡና ከጎኗ ተቀመጡ፤ እሳቸውም ምንም አላሉም። እንዲሁ አብረን ቆየን። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ። እያደር ለእሷ ብለን የጀመርነው ዝምታ ለሁላችንም ሆነ። ከዚያች ትንሽ ጊዜ ስንነሣ ጀርባዬ አዲስ ጀርባ ይመስለኝ ነበር። ዘሃራ አንድ ቀን በመንገድ ላይ፣ ሌላ ቦታ ልጄ ስትጠራኝ ይሰማኛል፣ እዚያ ግንድ ላይ ግን ልጄ ተኝታለች አለችኝ። ሌላ ማብራሪያ አልጠየቅኳትም።

አቶ ተክሌ ይህን መቀመጥ አይወደውም ነበር። ስናወራ ይሻለው ነበር መሰለኝ። ስናወራ ሰነፎች ብሎ መሳደብ ይችላል። ዝም ብለን ስንቀመጥ ግን ግራ ይገባዋል፤ ከበሩ ላይ ቆሞ ያየናል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሰዓቱን አውጥቶ ያያል።

ዐቢይ ጾም ገባ። በዚያው ሰሞን ከአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የብዙ ፍራሽ ትእዛዝ መጣለት። አቶ ተክሌ የሚያደርገው ጠፋው። ሰብስቦን፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀትር ላይ መቀመጥ የለም አለ። ምክንያቱን ስትሰሙት የሰውየውን ልክ ታውቃላችሁ። ጾመኛ ምሳ አይበላም፣ ስለዚህ የሚቀመጥበት ጉዳይ የለውም። ሙስሊሙ ደግሞ ይስገድ፣ ስግደት ግን መነሣትና መውደቅ እንጂ መቀመጥ አይደለም፣ ስለዚህ እንደጨረሰ ይመለስ። ይህን ሲናገር ፊቱ እንደ ዳኛ ፊት ኮስተር ብሎ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላው ያደረ ነው የሚመስለው።

እኔ አፌ አያርፍም። እኛም ቀትር ላይ እንጸልያለን ጋሼ አልኩት። የክርስቲያን ጸሎት እሁድ ነው ብሎ መለሰልኝ። በዓለም ላይ ሰው ለሰዓታት ቆሞ የሚውልበት አንድ ቦታ ቢኖር ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ያ ቆሞ ኗሪ ሰው ግን እሁድ እዚያ አካባቢ ታይቶ አያውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ስንመጣ ግንዱ የለም። አስፈልጦ ለሚስቱ ማገዶ አድርጎታል።

ስለ ሚስቱ እዚህ ላይ ልናገር። እትዬ ጥሩነሽ እንላታለን፤ በዕድሜ ግን ከዘሃራ ብዙም አትበልጥም። ባለመስመሩን ጨርቅ ለክታ የምትቆርጠው እሷ ናት። ላሟን የምታልበው፣ እንጨቱን የምታነደው፣ የምታጥበው፣ የምትጠርገው እሷ ናት። በቀን ስንት ጊዜ በዚያ ግቢ ጨርቅ ተሸክማ እየሮጠች ትመጣለች፤ ጣል አድርጋ እየሮጠች ትመለሳለች። ቀና ብላ አታየንም። ባሏን እሱ ፊት ሆነ ከኋላው አንቱ ነው የምትለው። የእሱ ዐይንና ጆሮ ናት ብለን ስለምናስብ ስትመጣ ወሬያችንን እናቆማለን። ስትቀመጥ አንድም ቀን አይተናት አናውቅም። እሷም እንደ እሱ ናት፣ ተገናኝተዋል ብለን እንስቅ ነበር።

ያለ ዕረፍት መሥራት ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ማንም ምንም አልሆነም። ከዚያ ግን እርስ በርስ መነታረክ መጣ። መቀስ የት አደረግሽ ብዬ ከዘሃራ ጋር ተጣላሁ፤ ከዘሃራ ጋር በሕይወቴ ተጣልቼ አላውቅም። ጋሽ ሸምሱ የቀትር ስግደታቸውን ጨርሰው ሲነሡ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆም ይላሉ። አቶ ተክሌ ያቺን መቆምም እየቆጠረ ከበሩ ላይ ፕሬስቶ ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ስግደቱ አልቋል አላቸው። አባቱ የሚሆኑትን ሰው። ጋሽ ሸምሱ ገብተው መርፌያቸውን አነሡ።

ያቺ ቀን መጣች። ፀሐዩ ቆርቆሮውን እያንጣጣ ነበር። ዘሃራ የወፍራሙን ፍራሽ ጠርዝ እየወጋች ነው። እኔ ከጎኗ ሆኜ ሲባጎውን እስብላታለሁ። ዐይኗ ክድን ሲል አየሁት። ስሟን ልጠራ አፌን ስከፍት መርፌው በግራ እጇ መዳፍ ገብቶ በሌላው በኩል ወጣ።

አልጮኸችም። እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። ጋሽ ሸምሱ ፈጥነው መጡ፣ ክንዷን ያዙና መርፌውን ስበው አወጡት። ደሙ ፍራሹ ላይ ፈሰሰ። እኔ አጠገቤ ያለውን ጥጥ ጠቅጥቄ መዳፏን ጨበጥኩላት።

አቶ ተክሌ መጣ። ያየው ፍራሹን ነው። እምላለሁ፣ እጇን አላየውም። ጎንበስ ብሎ ባለመስመሩን ጨርቅ በጣቱ ነካው።

“አዲሱን ጨርቅ አበላሸሽው” አላት።

ከዚያ እጇን እንድታስርና ያንን ፍራሽ ገልብጣ በሌላው ጎኑ እንድትቀጥል ነገራት።

ጋሽ ሸምሱ መርፌያቸውን ጥጡ ላይ ሰኩና ወደ ደጅ ወጡ። ግንዱ የነበረበት ቦታ፣ ግድግዳው ሥር፣ ባዶ መሬት ላይ ተቀመጡ። የስግደት ሰዓት አልነበረም። እኔ ዘሃራን ደግፌ ወጣሁና ከጎናቸው አስቀመጥኳት፤ እኔም ተቀመጥኩ። ከኋላችን አንድ በአንድ ሁሉም መጣ። ማንም ማንንም አልጠራም። የተማከርነውም ነገር አልነበረም።

አቶ ተክሌ እበሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ፕሬስቶ አለ። ከዚያ ሰደበን። ከዚያ ከሥራ አባርራችኋለሁ አለ። ማንም አልተነሣም፣ ማንም አልመለሰለትም። ብንመልስለት ደስ ባለው ነበር፤ ክርክሩን ያውቅበታል። በመጨረሻ ወደ ማዶ ቤቱ ዞሮ ሚስቱን ተጣራ። እናንተ ሰነፎች፣ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ እሷ ታሳያችሁ አለን።

እትዬ ጥሩነሽ ቆርጣ የጨረሰችውን ጨርቅ በሁለት እጇ ታቅፋ መጣች። የቤት ሥራ ያጠቆረው ፊቷ በላብ ርሷል። ግቢው መሃል ስትደርስ ቆመች። የዘሃራን እጅ አየች። በደም የራሰውን ጥጥ አየች። አንድ በአንድ ሁላችንንም አየችን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊታችንን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር ማለት እችላለሁ።

ከዚያ መጣችና ያን አዲስ ባለመስመር ጨርቅ ከዘሃራ ጎን አፈር ላይ ዘረጋችው። ተቀመጠችበት። እግሯን ዘረጋች። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

ባሏ ስሟን ጠራ። ደግሞ ጠራ። ትንሽ ቆይቶ አንገቷ ዘንበል እያለ ሄደና ጭንቅላቷ ዘሃራ ትከሻ ላይ አረፈ። እንቅልፍ ወስዷታል። አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ መዳፎቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባሏ እያየ፣ ሕፃን እንደሚተኛ ተኛች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህች ሴት ስንት ዓመት እንዳልተኛች እግዜር ይወቀው።

ዘሃራ እጇ እየደማ ነው። ጥጡን ልቀይርልሽ ስላት በዐይኗ ከለከለችኝ። ትከሻዋ እንዳይነቃነቅ ነው። በግራ መዳፏ ያን ያህል ሕመም ይዛ፣ ሰላይ ናት ስንላት የኖርነው ሴት እንዳትነቃ ብላ፣ ትንፋሿን እንኳ በልክ አድርጋ ነበር የምትተነፍሰው።

አቶ ተክሌ ሊቀሰቅሳት መጣ። ጎንበስ ሲል ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ዘረጉና “ተዋት” አሉት። አንቱ ሲሉት ነው የኖሩት። ቀና ብሎ አያቸው። ጋሽ ሸምሱ የዘረጉትን እጃቸውን አላጠፉም።

አቶ ተክሌ የግቢውን በር በርግዶ ወጣ። በር የሚጠብቅለትን ዘበኛ፣ የሚሠራ ሰው ከመንገድ አምጥቼ አሳያቸዋለሁ ሲለው ሰምተናል።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት የቀን ሠራተኞች በር ላይ ደረሱ። አቶ ተክሌ ቀድመው እንዲገቡ ነግሯቸው ሲባጎ ሊገዛ ሱቅ ጋ ቀርቷል። ሰዎቹ ገቡና ባዩት ነገር ደነገጡ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጧል። ማንም አያወራም። አንዲት ሴት በሌላይቱ ላይ ወድቃለች። ደም ያለበት ጥጥ አለ። አንደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረና ከዳር ተቀመጠ። ጓደኛውም ከጎኑ ተቀመጠ።

ኧረ ማንም አልሞተም ልላቸው ነበር። ጋሽ ሸምሱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ እትዬ ጥሩነሽ እንዳትነቃ ነው። ሰዎቹ ይህን ያዩት እንደ ጥልቅ ሐዘን ነው። አንገታቸውን ደፉ።

በሩ እንደተበረገደ ነበር። ኮልፌ ደግሞ የተከፈተ በር የሚያልፍ ሰው የለም። በመጀመሪያ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እማማ ድንቄ ብቅ አሉ። አዩና ተመለሱ፤ መሄዳቸው ነው ስል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ። ከዚያ ቆርቆሮ የሚመታው ጎረቤት መዶሻውን ይዞ መጣ። ከዚያ ማን እንደሆኑ የማላውቃቸው። ሁሉም ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ይቀመጣል። ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሐዘን ቤት ገብቶ ማን ሞተ ማለት ነውር ነው። ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ያስባል።

ያ ግቢ እንደዚያ ሞልቶ፣ እንደዚያም ዝም ብሎ አያውቅም። የላሟ ማመንዠክ ይሰማ ነበር። እኔ በመጀመሪያ ሳቄ እየመጣ አስቸገረኝ። በኋላ ሳቁ ሄደ። ቆርቆሮ የሚመታው ሰውዬ መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ለራሷ የሆነ ነገር እያሰበች እንባዋ ይወርዳል። ሁሉም ሰው የሚያርፍበት ምክንያት ሲፈልግ ኖሮ ዛሬ ያገኘ ይመስል ነበር።

አቶ ተክሌ ሲባጎውን ይዞ ሲገባ ግቢው መሃል ቆመ። እማማ ድንቄ ወደሱ ዞር ብለው በሹክሹክታ፣ እግዜር ያጥናህ ልጄ፣ ከየትኛው ወገን ነው የሞተው አሉት።

“ማንም አልሞተም!” ብሎ ጮኸ። “ሥራ ፈትተው ነው የተቀመጡት።”

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እማማ ድንቄ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እነሣለሁ ብለው እጃቸውን መሬት ላይ ካስደገፉ በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ። “እንዲህ ከሆነማ እኔም ደክሞኛል” አሉና ተደላድለው ተቀመጡ። ከገቡት ሰዎች አንድም አልወጣም።

በጩኸቱ እትዬ ጥሩነሽ ነቃች። አልደነገጠችም። ጭንቅላቷን ከዘሃራ ትከሻ አንሥታ ሻሿን አስተካከለች። ባሏ ተነሺ አላት። እሷም ወደ እኔ በኩል ጠጋ አለችና ከጎኗ ያለውን የጨርቁን ጫፍ በእጇ ጠረገችው።

“ተክሌ፣ ቦታ አለ። ና አንተም ተቀመጥ” አለችው።

አንተ ነው ያለችው። ያ ሁሉ ጎረቤት ባለበት፣ አቶም አንቱም የሌለበት ባዶ ስሙን ጠርታ፣ አንተ አለችው። ንዴት ግን አልነበረባትም። ምሳ ቀርቧል የምትለው ያህል ነው የተናገረችው።

እውነቱን ልናገር፣ የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። ያቺን የተጠረገች ቦታ አየ። ሰዉን አየ። ጉልበቱ ላላ ሲል አይቻለሁ። ትከሻውም ወረደ። ደክሞት ነበር፤ በደንብ ደክሞት ነበር። ቢቀመጥ ማንም አይስቅበትም። እማማ ድንቄ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገውለት ነበር። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና ሰዓቱን አወጣ። አየው። ፊቱ እንደ ቀድሞው ተገጠመ። ሥራ አለብኝ ብሎ ወደ መስፊያው ቤት ገባ።

መስፊያው ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የፍራሾቹ መሃል ቆመ። በመስኮቱ ይታየን ነበር። የሚያየው ሠራተኛ የለም፤ እሱ ግን ቆሟል።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በእሱ ላይ የነበረኝ ንዴት ነው። ንዴት ለሰው ክብር ነው፤ ሰውየውን ከቁም ነገር መቁጠር ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ናቅሁት። ሚስቱ ቦታ ጠርጋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠጋ ብሎለት፣ የገዛ ጉልበቱ እየለመነው፣ ለአንድ የኪስ ሰዓት ብሎ ባዶ ቤት ውስጥ የቆመ ሰው ምን ይባላል? ጨካኝ ቢሆን እፈራው ነበር። ባዶ ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ ሸምሱ እንዳይገቡ ዘበኛው በር ላይ ነገራቸው። እኔና ዘሃራም ከበሩ ተመለስን። ከቀሩት አንዳንዶቹ ገቡ፤ ልጆች አሏቸው፣ አልፈርድባቸውም። ፍራሾቹም ተሰፍተው አለቁ፣ ትምህርት ቤቱም ወሰዳቸው። አቶ ተክሌ ምንም አልጎደለበትም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲወድቁ ማየት የሚፈልግ አንባቢ ካለ አዝናለሁ፤ በዚያ ምክንያት አልወደቀም።

ዘሃራ እጇ ቢድንም ጣቶቿ እንደ ቀድሞው አይጨብጡም። እኛ ሦስታችን በእሷ ቤት ያረጀ ፍራሽ እየፈታን ማደስ ጀመርን፤ ጋሽ ሸምሱ ይሰፋሉ፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ዘሃራ በደህናው እጇ ጥጥ ታፍታታለች። እንደ ጀመርን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ እትዬ ጥሩነሽ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ሰላም አለችን፣ መደቡ ላይ ከዘሃራ ጎን ተቀመጠች፣ ዝም ብለን አብረን ቆየን፣ ከዚያ ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ብዙ ቀን እንዲህ ሆነ። ባሏ ዘበኛውን ይልክባታል። ዘበኛው እደጅ ቆሞ ይጣራል። ሲበቃት ትነሣለች፤ ከዚያ በፊት አትነሣም። ቤት ስትመለስ ምን ይላት እንደነበር አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ፊቷ ግን እየቀላ፣ እየሞላ ሲሄድ እናይ ነበር።

አቶ ተክሌን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ካገባሁ በኋላ ነው። ከኮልፌ ወደ መርካቶ ለመሄድ ፌርማታ ላይ ቆሜ ሳለ እሱም መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ አንድ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ሰላም አልኩት፤ አወቀኝ። እንዴት ነሽ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ምናምን አልተባባልንም። አሁንም ትቀመጣላችሁ ወይ አለኝ። አዎ ጋሼ፣ እንቀመጣለን አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ያሸነፈ ነው የሚመስለው።

አውቶቡሱ መጣ። ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ስለነበር ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። እኔ ገብቼ መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። እሱ ከፊቴ፣ ከባዶ ወንበር ጎን፣ ብረቱን ጨብጦ ቆመ። አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር ያ የታመመ እግሩ ይንሸራተታል፤ እሱ ግን ግራ ቀኙን ይመለከታል፣ የሚያደንቀው ሰው እንዳለ ለማየት። ቲኬት ቆራጩ እንኳ፣ አባባ ይቀመጡ፣ መንገድ ዘጉ አለው። አልተቀመጠም። እስከ መርካቶ ድረስ እንደዚያው ሄደ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም።

ያኔ ስቄበታለሁ። ዛሬ ጥሩነሽም፣ ጋሽ ሸምሱም፣ እሱም የሉም። ሰዎች የሞተ ሰው ላይ ቂም አይያዝም ይሉኛል። ቂም የለኝም። ቂም ቢኖረኝ እስከ አሁን በደከመኝ ነበር። ንቀቴ ግን እንዳለ ነው፤ ላወጣው ብሞክር የሚወጣ አልሆነም። የሚገርመው፣ ያን ቀን ሳስብ መጀመሪያ ዐይኔ ላይ የሚመጣው እሱ አይደለም። ዘሃራ ናት። መዳፏ እየደማ፣ ትከሻዋን ሳታነቃንቅ፣ ትንፋሿን እየለካች። ያቺ ሴት በሕይወት አለች፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ያወራነው ነገር የለም።